ለክረምት ንባብ የትኛው ልቦለድ ይቅደም? ከ‹ጦቢያ› እስከ ‹ዴርቶጋዳ›

ቀለም አፍቃሪ (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት። በአንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የንባብ ክበብ አስተባብራለሁ። አባላቱ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ 30 ያህል ልጆች ናቸው። ክረምት ከመግባቱ በፊት 25 መጻሕፍት የምንገዛበት በጀት ተለቆልናል፤ ልቦለድ ብቻ። ያሰብኩት በ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ጀምሬ፣ በዓሉ ግርማን አስከትዬ፣ በታተሙበት ቅደም ተከተል ወደ ዘመኑ ደራስያን መምጣት ነው። ያስኬዳል? ለየትኛው ክፍል የትኛው ይሻላል? ደግሞስ 25 የተለያየ ርዕስ ልግዛ ወይስ ጥቂት ርዕስ በብዙ ቅጂ? የምታውቁ ዘርዘር አድርጋችሁ ንገሩኝ።

መደርደሪያ

እህት ዓለም፣ በታተሙበት ቅደም ተከተል አይሁን። የኅትመት ዘመን ለሥነ ጽሑፍ ታሪክ ይጠቅማል እንጂ ለ15 ዓመት ልጅ ምኑም አይደለም። በዘመን ልሂድ ካልሽማ መነሻሽ በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ‹ጦቢያ› ነው የሚሆነው። ታሪኩን ልጆች ይወዱታል፤ ጦርነት አለ፣ ምርኮ አለ፣ ወንድሟን ፍለጋ ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጃገረድ አለች። ገጹም ጥቂት ነው። ዓረፍተ ነገሩ ግን አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይረዝማል፣ ትረካውና ንግግሩ እንደ ዛሬው መጽሐፍ በመስመር አይለይም፣ ልጁ ገና ሳይደላደል ማን እየተናገረ እንደሆነ ይጠፋዋል። አጭር ነው ብለሽ ለጀማሪ እንዳትሰጪው።

መጽሐፉን አራት ቦታ ከፍለሽ መዝኚው፦ ርዝመቱን፣ ቋንቋውን፣ አወቃቀሩን፣ ይዘቱን። ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ርዝመቱ ይከብዳል፣ ቋንቋው መካከለኛ ነው፣ አወቃቀሩ ቀጥ ያለ ነው፣ ይዘቱ ለማንም ልጅ አያሰጋም። የበዓሉ ግርማ ‹ከአድማስ ባሻገር› ርዝመቱም ቋንቋውም ቀላል ነው፤ የሚከብደው ይዘቱ ነው፣ የትልቅ ሰው ብስጭትና መጠጥ ቤት አለበት። የዳኛቸው ወርቁ ‹አደፍርስ› ቋንቋውም አወቃቀሩም ይከብዳል። የስብሐት ገብረ እግዚአብሔር ‹ሌቱም አይነጋልኝ› አማርኛው እንደ ወሬ ይነበባል፤ ይዘቱ ግን የውቤ በረሃ የመጠጥ ቤትና የሴተኛ አዳሪዎች ኑሮ ነውና ለትምህርት ቤት መደርደሪያ አይሆንም።

ጀማሪ ከአራቱ አንዱ ብቻ ቢከብደው ይወጣዋል። ሁለት ከተደረበበት መጽሐፉን ያስቀምጠዋል፣ ሲያስቀምጠውም «አማርኛ መጽሐፍ አሰልቺ ነው» ብሎ ነው።

አንድ ፈተና ልጨምር። መጽሐፉን መሀሉ ላይ ክፈቺና ልጁ አንድ ገጽ ድምፁን አውጥቶ ያንብብ። የማያውቀው ቃል ባጋጠመው ቁጥር ጣት ያጥፍ። አምስቱም ጣት ካለቀ ለጊዜው ይቆይለት፤ ሁለት ሦስት ከሆነ ይውሰደው። የመጀመሪያው ገጽ ላይ አትፈትኚ፤ አብዛኛው ደራሲ እዚያ አገሩንና ወቅቱን ሲገልጽ ስለሚቆይ ከሌላው ገጽ ይከብዳል።

ጉዱ ካሳ ነኝ

ከመደርደሪያ ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ፤ ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ለ9ኛ ክፍል አይሆንም የሚል መንፈስ ግን እንዳይኖረው። ይሆናል። የሚያበላሸው አሰጣጡ ነው። ዕትሙ የትኛውም ይሁን ከ500 ገጽ የሚበልጥ መጽሐፍ «እንካ፣ ክረምቱን አንብበህ ጨርስ» ተብሎ አይሰጥም።

ልጆች የሚያቆሙበት ቦታ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያው ላይ ነው። ሰብለ ወንጌልንና በዛብህን ሰምተው ይመጣሉ፣ መጽሐፉ ግን ማንኩሳ ላይ በአባትና በእናቱ፣ በቦጋለ መብራቱና በውድነሽ በጣሙ ይጀምራል። «ሰብለ መቼ ነው የምትመጣው?» ይላሉ። አንዳንድ መምህር «ዝለለው» ይላቸዋል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። በዛብህ ገና ልጅ ሳለ ወላጆቹ ለእግዚአብሔር ተስለውታል፤ ሚስት ሳያገባ ቤተ ክርስቲያንን እንዲያገለግል። ይህን ያልያዘ አንባቢ ኋላ በዛብህ ከሰብለ ጋር ሲሆን ለምን እንደዚያ እንደሚንቀጠቀጥ አይገባውም፤ ፈሪ ይመስለዋል። የደሃና የጌታ ልጅ ልዩነት ብቻውን መስሎት የታሪኩን ግማሽ ያጣዋል። መፍትሔው መዝለል ሳይሆን ያንን ክፍል በጋራ ማንበብ ነው። መጀመሪያ ሳምንት ላይ ሁለት ጊዜ ተገናኙ፣ እየተቀባበላችሁ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ። ስለቱ ላይ ስትደርሱ አቁሚና «ይህ ልጅ ሲያድግ ምን ይገጥመዋል?» ብለሽ ገምቱ በያቸው። ግምታቸውን ወረቀት ላይ አስጽፈሽ አስቀምጪው። ከዚያ በኋላ ራሳቸው ይሮጣሉ።

ከሐምሌ መጀመሪያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 9 ሳምንት ገደማ አለሽ። በሳምንት 60 ገጽ፣ በቀን 9 ገጽ ገደማ ማለት ነው። 9 ገጽ ለ9ኛ ክፍል ልጅ 20 ደቂቃ ነው፣ ቢበዛ ግማሽ ሰዓት። «550 ገጽ» ስትዪው የሚደነግጥ ልጅ «በቀን 9» ስትዪው ይስቃል።

ሌላው የሥርዓቱ ቃል ነው። ርስት፣ ጉልት፣ ጭሰኛ፣ ባላባት፣ ግብር፣ ፊታውራሪ፣ ቀኛዝማች፣ ግራዝማች፣ የቆሎ ተማሪ፣ ድጓ፣ ቅኔ፣ ስለት። እነዚህን በአንድ ገጽ አስፍረሽ መጽሐፉ ውስጥ እንደ ዕልባት አስገቢው። ከ12ቱ የግድ የሚያስፈልጉት ርስትና ጉልት ናቸው። የሁለቱን ልዩነት ያላወቀ ልጅ ገበሬዎቹ በሰብለ አባት በፊታውራሪ መሸሻ ላይ ለምን እንደሚያምፁ፣ የአመፁ መሪ አበጀ በለው ለምን ጀግና እንደሆነ ግራ ይገባዋል። ርስት ገበሬው ከአባቱ የወረሰው መሬት ነው፤ ጉልት ባለ ሥልጣኑ ከዚያ መሬት ግብር የሚበላበት መብት ነው። ይህን ያህል ከገባቸው ይበቃል፣ የመሬት ሥሪት ትምህርት አታድርጊው።

ኦ፣ ድምፁን ረሳሁት። ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬድዮ ‹ከመጻሕፍት ዓለም› ላይ የተረከው አለ፤ በኢንተርኔት ይገኛል። ከማንበብ በፊት ግማሽ ሰዓት አሰሚያቸው። የጉዱ ካሳን ንግግር በዚያ ድምፅ የሰማ ልጅ መጽሐፉ ላይ ሲያገኘው ራሱ እየተወነ ነው የሚያነበው። በትረካው ብቻ ግን እንዳይረኩ። የቤት ሥራውን ከትረካው ሰምቶ የሚሠራ ልጅ ሁልጊዜ አለ፤ ከጽሑፉ ካልሆነ በቀር የማይመለስ ጥያቄ ጠይቂ።

ባለ ፔጅ ተርነር

ሁላችሁም ትልልቁን ብቻ ነው የምታወሩት። ጭራሽ የማያነብ ልጅ አለ እኮ። ለእሱ ‹ዴርቶጋዳ›ን ስጪው። የይስማዕከ ወርቁ፣ በ2001 ዓ.ም. የወጣ። ምዕራፉ አጭር ነው፣ መጨረሻው ላይ ሁልጊዜ የሚያንጠለጥል ነገር አለ፣ የጣና ገዳማት አሉበት፣ የስለላ ነገር አለበት። ሲጨርስ ‹ራማቶሓራ›ን ራሱ ፈልጎ ይመጣል። በዚያ ላይ የዓለማየሁ ዋሴ ‹እመጓ› አለ፤ መንዝ ነው፣ ገዳም ነው፣ ፍለጋ ነው። ይህን ያነበበ ልጅ ‹ዝጎራ›ንም ሳያነብ አይቀርም።

የአማርኛ መምህር

ይቅርታ፣ ‹ዴርቶጋዳ›ን ከ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ጎን ማስቀመጥ ይከብደኛል። ገጸ ባሕርያቱ ሲናገሩ ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው። ልጆቹ ሴራውን ብቻ ማሳደድ ከለመዱ በኋላ ቀስ ያለ ልቦለድ አይጥማቸውም።

ባለ ፔጅ ተርነር

መምህር፣ ጎን ለጎን አስቀምጪ አላልኩም። ቀድሞ ይሰጥ ነው ያልኩት። ፊደል እየቆጠረ የሚያነብ ልጅ መጀመሪያ ፍጥነት ያስፈልገዋል። 300 ገጽ ያለ ማቋረጥ ጨርሶ የማያውቅ ልጅ ስለ ገጸ ባሕርይ አሣሣል ምን ያደርግለታል?

መደርደሪያ

ሁለታችሁም የየራሳችሁ እውነት አላችሁ፤ የሚለየው ቀጥሎ የሚሰጠው መጽሐፍ ነው። ልጁ ‹ዴርቶጋዳ›ን በጨረሰ በሳምንቱ ሌላ ካልተሰጠው መምህር ያሉት ይደርሳል፤ ያንኑ ዓይነት ብቻ እየፈለገ ይቀራል። ድልድይ የሚሆኑ መጻሕፍት አሉ። የሲሳይ ንጉሡ ‹ሰመመን› አንዱ ነው፦ የዩኒቨርሲቲ ሕይወት፣ ፍቅር፣ ፈጣን ትረካ፤ ግን ሰዎቹ ሰው ናቸው። የኃይለመለኮት መዋዕል ‹የወዲያነሽ› ሌላው ነው፤ የጌታ ቤት ልጅና የቤት ሠራተኛዋ ፍቅር ስለሆነ በሐሳብ ለ‹ፍቅር እስከ መቃብር› ያዘጋጃል፣ በገጽ ግን ያንሳል። ከዚያ ‹ከአድማስ ባሻገር›። ሥዕል መሣል የሚመኝ፣ ዘመድ ደግሞ «አግባና ወግ አድርስ» እያለ የሚጨቀጭቀው የቢሮ ሠራተኛ ታሪክ ነው፤ በ1962 ዓ.ም. ይታተም እንጂ የአበራ ወርቁ ጭንቀት ዛሬም ሰፈር ውስጥ አለ። 11ኛ ክፍል ላይ ሲሰጥ ነው የሚጣፍጠው። 9ኛ ክፍል ላይ «ይህ ሰውዬ ለምን ዝም ብሎ አይሣልም?» ከማለት አያልፉም።

አጭር ልቦለድንም አትርሱ። የታደሰ ሊበን ‹መስከረም› (1949 ዓ.ም.) እና ‹ሌላው መንገድ› በአንድ ቁጭታ የሚያልቁ ታሪኮች ናቸው። የስብሐት ‹ሞትና አጋፋሪ እንደሻው› ደግሞ ከሞት ስለሚሸሸው ሰውዬ ነው፤ ስብሐትን ለልጆች ማስተዋወቂያ ከዚህ የተሻለ የለም። በክበብ ቀን አንዱን ታሪክ ጮክ ብሎ አንብቦ እዚያው መወያየት ይቻላል፤ ቤት ወስዶ ያላነበበ ልጅ አያፍርም።

ቀለም አፍቃሪ (ጠያቂ)

እጅግ አመሰግናለሁ፣ ሐሳቤን አስቀይራችሁኛል። ሁለት ነገር ላስከትል። የመጀመሪያው፣ የበዓሉ ግርማን ‹ኦሮማይ› ብዙ ልጆች በስም ሰምተው ይጠይቁኛል። ልግዛ? ሁለተኛው፣ እስካሁን የተጠራው ደራሲ ሁሉ ወንድ ነው፤ የክበቡ አባላት ግን አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

ጉዱ ካሳ ነኝ

‹ኦሮማይ› ለ12ኛ ክፍል፣ አንድ ቅጂ፣ በመግቢያ። ያለ መግቢያ የተሰጠ እንደሆነ ግማሹ የፊያሜታና የጸጋዬን ፍቅር ብቻ ያነባል፣ ግማሹ የፖለቲካ ክርክር ያነሣል። መግቢያው 15 ደቂቃ ይበቃዋል፦ የቀይ ኮከብ ዘመቻ በ1974 ዓ.ም. ኤርትራ ውስጥ የተካሄደ መሆኑን፣ ሻዕቢያና ደርግ እነማን እንደሆኑ፣ ናቅፋ ለምን እንደተፈለገች፣ ደራሲው ራሱ በዘመቻው ማስታወቂያ ሥራ ውስጥ የነበረ መሆኑን። በ1975 ዓ.ም. ወጥቶ ወዲያው ከገበያ ተሰብስቧል፤ በዓሉ ደግሞ በ1976 ዓ.ም. እንደ ወጣ ቀርቷል። ይህን መጨረሻ ላይ ንገሪያቸው። መጀመሪያ ላይ ከነገርሻቸው መጽሐፉን እንደ ልቦለድ ማንበብ ትተው በየገጹ «የተገደለበት ዓረፍተ ነገር የቱ ነው?» እያሉ ነው የሚፈልጉት።

ከታገዱት ውስጥ ለወጣት ይበልጥ የሚመቸው የአቤ ጉበኛ ‹አልወለድም› (1955 ዓ.ም.) ነው። በእናቱ ማኅፀን ያለ ልጅ አልወለድም ብሎ ይከራከራል፤ ሐሳቡ ራሱ ልጅ ይስባል። ንግግር ይበዛበታል፤ ለውይይት እንጂ ለብቻ ንባብ አይመከርም።

እንጉዳይ

የሴት ደራስያን ጉዳይ ትክክል ነው። ፀሐይ መላኩን ጀምሪ፦ ‹ቋሳ›፣ ‹አንጉዝ›። ልቦለድ ባይሆንም የሕይወት ተፈራ ‹ማማ በሰማይ› እንደ ልቦለድ ነው የሚነበበው፤ የኢሕአፓ ትውልድ ወጣት ሴት በራሷ አንደበት የምትናገርበት ነው፤ እስርና ሞት ስላለበት ከ11ኛ ክፍል ወዲያ ይሁን። በጀቱ ልቦለድ ብቻ ካለሽ ከሌላ ቦታ አስለግሺው።

በዚያውም ወንዶቹ የጻፏቸውን ሴቶች እንዲመረምሩ አድርጊ። ሰብለ ወንጌል በራሷ የምትወስነውና ሌላ ሰው የሚወስንላት ነገር ምን ምን እንደሆነ በሁለት ዓምድ ያስፍሩ። ‹ሰመመን› ላይም ያንኑ ያድርጉ፤ ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ሲያዩት ክርክሩ ራሱ ይነሣል።

አሮጌ ተራ

ስለ ግዢው ማንም ስላልመለሰላት እኔ ልመልስ። 25 ርዕስ በአንድ አንድ ቅጂ አትግዢ፤ ሁለት ሰው አንድ ላይ ያላነበበው መጽሐፍ ውይይት የለውም። አንድ ርዕስ በ25 ቅጂም አይሁን፤ የማይጥመው ልጅ ክረምቱን ያለ መጽሐፍ ይቀራል። እኔ እንዲህ እከፍለው ነበር፦ ሦስት ርዕስ በ4 ቅጂ፣ አራት ርዕስ በ2 ቅጂ፣ አምስት ርዕስ በ1 ቅጂ። 12 ርዕስ፣ 25 መጽሐፍ። በ4 ቅጂ ‹ፍቅር እስከ መቃብር›፣ ‹ሰመመን›፣ ‹ዴርቶጋዳ›። በ2 ቅጂ ‹የወዲያነሽ›፣ ‹ከአድማስ ባሻገር›፣ ‹እመጓ› እና ከታሪካዊዎቹ የብርሃኑ ዘሪሁን ‹የታንጉት ምስጢር› (የቴዎድሮስ ዘመን ነው፤ የአቤ ጉበኛ ‹አንድ ለናቱ›ም ያው ዘመን ነው ግን ይረዝማል)። በ1 ቅጂ ‹ኦሮማይ›፣ ‹አልወለድም›፣ ‹ቋሳ›፣ ‹ጦቢያ› እና የአዳም ረታ ‹ግራጫ ቃጭሎች›። የቆዩት ርዕሶች በየጊዜው ከገበያ ስለሚጠፉ በየቡድኑ አንድ ሁለት ተለዋጭ ያዢ።

አራት ቅጂ ለስምንት ልጅ ይበቃል። ጥንድ ጥንድ አድርጊያቸው፤ አንዱ ከሰኞ እስከ ረቡዕ፣ ሌላው ከሐሙስ እስከ ቅዳሜ፣ እሑድ ውይይት።

ሻጩ ጋ ስትደርሺ ገንዘቡን ከመክፈልሽ በፊት እያንዳንዱን ቅጂ ገልብጪ። መጽሐፍ በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ታትሞ አብዛኛውን ጊዜ በ16 በ16 ገጽ ይታጠፋል፤ ስሕተትም የሚፈጠረው በዚያው ልክ ነው። አንድ እጥፋት ሁለት ጊዜ ገብቶ ሌላው ይቀራል፣ ወይም ይገለበጣል። ስለዚህ በየ16 ገጹ ቁጥሩን እያየሽ ሂጂ፤ 33፣ 49፣ 65 እያልሽ። ገጽ በገጽ መቁጠር አያስፈልግም። የኮፒ ዕትም ከሆነ ደግሞ ነጥቡ ነው የሚጠፋው፤ ‹ሰ› እና ‹ሸ›፣ ‹ለ› እና ‹ሉ› የሚለዩበት ቅጥያ ደብዝዞ ልጁ በግምት ያነባል፣ ቶሎ ይደክማል። «መጽሐፉ ከበደኝ» ሲል አንዳንዴ የከበደው ኅትመቱ ነው። አራቱም ቅጂ አንድ ዕትም ይሁን፤ ዕትሙ ከተለያየ የገጽ ቁጥሩ አይገጥምምና «ገጽ 112 ግለጡ» ማለት አትችዪም።

ያለ ጥገና ቢዋሱ ክረምቱን አይሻገሩም። ወፍራሞቹ በሙጫ ብቻ የተጣበቁ ናቸው፤ መሀሉ ላይ ለጥ አድርጎ የከፈተው አንድ ልጅ ይበቃል፣ ገጾቹ ይረግፋሉ። ገና አዲስ ሳሉ ስፊያቸው። ከጀርባው 5 ሚሊ ሜትር ገባ ብለሽ በወስፌ አምስት ቀዳዳ ብሺ፣ በእኩል ርቀት፤ በወፍራም ክር ከመሀሉ ቀዳዳ ጀምረሽ ወደ ላይ ሄደሽ፣ ወደ ታች ወርደሽ፣ መሀሉ ላይ ቋጪ። ለስፌቱ መጀመሪያ ውስጣዊውን ኅዳግ ለኪ፦ ጽሑፉ ከጀርባው ያለው ርቀት ከ12 ሚሊ ሜትር ካነሰ ስፌቱ ቃል ይበላል። እንዲህ ያለውን አትስፊው፤ ጀርባውን በብርጭቆ ወረቀት ፍቀሽ፣ ኮላ ቀብተሽ፣ ከባድ ነገር ጭነሽ አሳድሪው። ከዚያ በላስቲክ ለብጂ። የውሰቱ ጊዜ ለወፍራሙ 14 ቀን፣ ለቀጭኑ 7 ቀን ይሁን፤ ወር ከሰጠሽ ማንም እስከ 25ኛው ቀን አይከፍተውም።

ሲልቨር ስፕሪንግ

ከሜሪላንድ ነው። እዚህ ላሉ ልጆችስ? አማርኛ ይሰማሉ፣ ይናገራሉ፤ ሲያነቡ ግን አንድ ገጽ አምስት ደቂቃ ይፈጅባቸዋል። ዕድሜያቸው ከ14 እስከ 17 ነው።

መደርደሪያ

ወንድም ዓለም፣ ሁለቱን ለያቸው፦ የአማርኛ ንባቡን ትምህርትና የልቦለድ ፍቅሩን። አንድ ላይ ከጫንካቸው ሁለቱም ይጠፋሉ። ልቦለዱን በሚፈጥኑበት በእንግሊዝኛ ስጣቸው። የሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም ‹ዘ አፈርሳታ› (1969 እ.ኤ.አ.) አጭር ነው፤ በአንድ መንደር ጎጆ ተቃጥሎ አጥፊውን ለማግኘት ሸንጎ ይቀመጣል። ከ14 ዓመት ጀምሮ ይሄዳል። የዲናው መንግሥቱ የ2007 እ.ኤ.አ. ልቦለድ ዋሽንግተን ውስጥ ሱቅ ስላለው ኢትዮጵያዊ ነው፤ ሰፈራቸው ስለሆነ ያውቁታል፣ ቀስ ስለሚል ግን ለ17 ዓመቶቹ። የመዓዛ መንግሥቴ ‹ዘ ሻዶ ኪንግ› በ2020 እ.ኤ.አ. ለቡከር ሽልማት መጨረሻ ዝርዝር የደረሰው ነው፤ የጣሊያን ወረራና ሴት ዘማቾች። የመድፈር ትዕይንት አለበት፤ ወላጅ ቀድሞ ያንብበው። ‹ኦሮማይ›ም አሁን በእንግሊዝኛ አለ።

አማርኛውን በየቀኑ 10 ደቂቃ፣ ከድምፅ ጋር። መጀመሪያ ይስማ፣ ከዚያ ያንኑ ገጽ በጣቱ እየተከተለ ድጋሚ ይስማ፣ በሦስተኛው ራሱ ያንብብ። በአንድ ቀን ከአንድ ገጽ አትለፍ። የከበደ ሚካኤል ‹ታሪክና ምሳሌ› ለዚህ ይስማማል፤ ግጥሙ አጭር ነው፣ ቤት ስለሚመታ የሚቀጥለውን ቃል ጆሮው ቀድሞ ይገምተዋል። ልቦለድ ባይሆንም ወደ ልቦለድ ያደርሳል።

የአማርኛ መምህር

ስለ ትርጉም ልቦለድ አንድ ቃል። ሽፋኑ ላይ የተርጓሚው ስም ብቻ ካለና የዋናው ደራሲ ስም ከሌለ አትግዢ። ብዙ ጊዜ ከሌላ ትርጉም የተጨመቀ ነው። ሁለት ገጽ መሀል ላይ አንብቢ፤ ሰዎቹ ሲጣሉም ሲፋቀሩም በአንድ ዓይነት የመጽሐፍ አማርኛ የሚናገሩ ከሆነ ልጆቹ ይሰለቻሉ። ጥሩ ምሳሌ ከፈለግሽ የነቢይ መኮንን ‹ነገም ሌላ ቀን ነው› አለ፤ የማርጋሬት ሚቸልን ልቦለድ በደርግ እስር ቤት ሆኖ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ የተረጎመው። አማርኛው ትርጉም መሆኑን ያስረሳል። ወፍራም ስለሆነ ግን ለጎበዞቹ ነው።

‹ግራጫ ቃጭሎች› ላይ አሮጌ ተራን እቃወማለሁ። ለ12ኛ ክፍል ክበብም ይከብዳል፤ ጊዜው ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ባለ ታሪኩ መዝገቡ የሚያስታውሰውና የሚሆነው ይቀላቀላል። አዳም ረታን በ‹ማህሌት› ወይም በ‹አለንጋና ምስር› ያስጀምሯቸው።

አሮጌ ተራ

መምህር፣ ስለ አንድ ቅጂ እኮ ነው። በየክበቡ አንድ ሁሉን የጨረሰ ልጅ አይጠፋም፤ ለእሱ ነው።

የአማርኛ መምህር

ለእሱ ከሆነ ይሁን። ያኔ ግን ከ‹አደፍርስ› ጋር ይስጡት፤ ለመክበዱም ይክበደው።

እንጉዳይ

የወላጅ ነገር ሳይነሣ እንዳያልፍ። ቅሬታ የሚመጣው ብዙውን ጊዜ ያላነበቡት ገጽ በልጁ ስልክ ፎቶ ተነሥቶ ሲደርሳቸው ነው። ክረምቱ ሳይጀመር የ12ቱን ርዕስ ዝርዝር ለወላጅ ላኪ፤ በእያንዳንዱ ሥር አንድ መስመር፦ ስለ ምን እንደሆነ፣ ምን ከበድ ያለ ነገር እንዳለበት፣ ለየትኛው ክፍል እንደሆነ። «አይሆንም» ያለ ወላጅ ካለ ለልጁ ተለዋጭ ርዕስ ይሰጠው፤ መጽሐፉ ግን ከመደርደሪያው አይወርድም። ይህን ከርዕሰ መምህሩ ጋር አስቀድመሽ በጽሑፍ ተስማሚ። የፍቅረ ማርቆስ ደስታን ‹ከቡስካ በስተጀርባ› ካስገባሽ የሐመር ባህል የሚገለጽበት ቦታ ላይ ልጆቹ እንዳይሳለቁ ቀድመሽ አነጋግሪያቸው። ከሐመር ውጭ የመጣ ደራሲ ስለ ሐመር የጻፈው መሆኑም ራሱ የውይይት ርዕስ ነው።

የውይይት ጥያቄሽ ደግሞ «ዋናው ገጸ ባሕርይ ማነው? የመጽሐፉ መልእክት ምንድን ነው?» እንዳይሆን፤ ይህ ፈተና ነው። «ከዚህ ምዕራፍ አንድ ሰው ቢወጣ ታሪኩ የት ላይ ይሰበራል?» በያቸው። ያላነበበ ልጅ መመለስ አይችልም፣ ያነበበው ደግሞ አንድ ዓይነት መልስ አይሰጥም።

ቀለም አፍቃሪ (ጠያቂ)

የመጨረሻ ጥያቄ። ከአባላቱ አንዷ ማየት የተሳናት ናት፤ 11ኛ ክፍል። ‹ፍቅር እስከ መቃብር›ን በትረካው ትከታተላለች። ሌሎቹንስ?

ጉዱ ካሳ ነኝ

ክበቡ ራሱ ይቅዳላት። አራት አንባቢ ይመረጥ፤ አንድ መጽሐፍ በአንድ ድምፅ ያልቅ፣ በየምዕራፉ ሰው ከተቀያየረ ጆሮ ይደክማል። በስልክ መቅጃ፣ መጋረጃና ምንጣፍ ባለው ክፍል፣ ስልኩን ከአፍ አንድ ስንዝር አርቆ፣ ፊት ለፊት ሳይሆን ወደ ጎን፤ አለዚያ ‹ጰ› እና ‹ፐ› ሲመጡ ነፋስ ይመታዋል። ፋይሉ ከ20 ደቂቃ አይብለጥ። ስሙ በቁጥር ይጀምር፦ 01፣ 02፣ 03፤ ስልኩ በሚነበብላት ድምፅ ስትፈልገው ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ። እያንዳንዱ ፋይል መጀመሪያ ላይ ምዕራፉና የገጽ ቁጥሩ ይነገር፣ በውይይት ላይ «ገጽ 80» ሲባል እሷም ታገኘዋለች። የተሳሳቱትን ዓረፍተ ነገር ከመጀመሪያው ደግመው ያንብቡት፣ መቁረጥ ቢያቅታቸው እንኳ ግራ አያጋባትም።

የደራሲ መብት እንዳይነካ ቅጂው ለእሷ ብቻ ይሁን፣ ቴሌግራም ላይ አይለጠፍ። አብዛኞቹ መጻሕፍት በአዋጅ 410/1996 ጥበቃ ውስጥ ናቸው፤ ጥበቃው ደራሲው ካረፈ በኋላም 50 ዓመት ይቀጥላል። በ‹ሰመመን› ጀምሩ፤ ንግግር ስለሚበዛው ለጀማሪ አንባቢ ድምፅ ይቀላል።